ቀኙ በሬ በግራ

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ወጣት መምህራን በተራ እየተነሱ አመሰገኑኝ። ከመሃላቸው አንዱ፣ አፈ ጮሌ ነው፣ «ጋሽ ንጉሤ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሠሩት ሥራ የሚኮሩበት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አሶሳ አጠገብ፣ አንድ አምባ ውስጥ የታረሰ ጠማማ ትልም» አልኩት። ሳቁ። የሒሳብ አስተማሪ ስለ እርሻ ሲያወራ እርጅና የነካው መሰላቸው። ይኸን የምጽፈው ነገሩን ከነምክንያቱ እንዲያውቁት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው፤ በሬ የማውቀው ቄራ ሲነዳ ብቻ ነው። ይህቺን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ጣጣ ታመጣብኛለች። ከኮሌጅ ስንወጣ ምደባው በዕጣ ነበርና እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ብጣሽ ወረቀት «ወለጋ፣ አሶሳ አውራጃ» አለችኝ። ያኔ አሶሳ በወለጋ ሥር ነበረች። እናቴ «ልጄን ሱዳን ሰደዱብኝ» ብላ አለቀሰች። ጓደኞቼ ምደባ ለማስቀየር ደጅ ሲጠኑ እኔ እልኸኛው ለሰፋሪ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ደሞዟ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ትበቃ ነበር፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የሚነገር የለኝም።

ጊዜው የሰፈራ ጊዜ ነው። በድርቅ ከወሎ የተነቀለው ሕዝብ በአሶሳ ዙሪያ ሰፍሯል። መንደሮቹ አምባ ይባላሉ፤ በስም ፈንታ ቁጥር ነው የተሰጣቸው። «ለሒሳብ አስተማሪ የሚስማማ አገር ነው» ብዬ ብቀልድ የሳቀልኝ አልነበረም። ክፍሌ ውስጥ የሰፋሪ ልጆች አሉ፣ ከባምባሲ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ የወለጋ ልጆች አሉ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብተው የለመዱ የአገሬው የበርታ ልጆች አሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ማስረዳቱ በአማርኛ፣ ሹክሹክታው በየቋንቋው ነው። ዳይሬክተራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ስብሰባ መውደዳቸው ነው እንጂ።

ሥራዬን ያስተማሩኝ የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ተሊላ ናቸው። የነቀምት ሰው፣ የወንጌላዊ ልጅ፣ ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ። በመጣሁ ሰሞን ክፍሌ ገብተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት የፊደል ድርድር ነበር፤ ፐርሙቴሽን የምንለው። ነገሩ ቀላል ነው። የተወሰኑ ፊደላት ይሰጡሃል፤ ቦታቸውን እያቀያየርክ ስንት ዓይነት ድርድር እንደሚወጣቸው ትቆጥራለህ። የሚወጣው ቃል ትርጉም ይኑረው አይኑረው ግድ የለህም። እኔ ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላሁና ተኩራርቼ ዞርኩ።

ስንወጣ «አንተ ልጅ፣ ፈጣን ፈረስ ነህ» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ። «ፈረሱ ደርሷል» አሉ ቀጥለው፣ «ጋላቢዎቹ ግን መንገድ ላይ ወድቀው ቀርተዋል። ነገ እኔ ሳስተምር ገብተህ ተቀመጥ።»

በማግሥቱ ገባሁ። ከእርዳታ ወተት ካርቶን የቆረጧቸው ካርዶች ነበሯቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በከሰል ተጽፏል። አ፣ ሶ፣ ሳ ብለው ለሦስት ልጆች ሰጡና ፊት አቆሟቸው። ልጆቹ ቦታ እየተለዋወጡ ስድስት ዓይነት ቆሙ፤ ሰባተኛ ቢፈለግ ጠፋ። ከዚያ ባምባሲን አመጡ። ፊደላቱ አራት ናቸው፣ ባ ግን ሁለት ጊዜ አለ። በአንደኛው ባ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ልጆቹ እየቆሙ፣ የቀሩት እየጻፉ፣ ሃያ አራት ድርድር ሆነ። ይኼኔ ጋሽ ተሊላ ክሩን በጥሰው ጣሉትና «አሁን የቱ የቱ ነው?» አሉ። ሁለቱ ባዎች ቦታ ቢለዋወጡም ማንም አይለያቸውም። ሁለት እየተባለ የተቆጠረው ሁሉ አንድ ሆኖ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። ቀመር የሚባል አልጻፉም፤ ልጆቹ ግን ቀመሩን ራሳቸው አወጡት።

ሁልጊዜ የሚጠይቋቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሯቸው፤ «ማን ሁለቴ ተቆጠረ? ማን ተረሳ?» ተማሪዎቹ ለሰልፍ ሲቆሙ ሳይቀር ድምፃቸውን እያስመሰሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተሳሳተ መልስ ላይ ወዲያው ኤክስ አያደርጉም። ልጁ እዚያ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረሰ እስኪገባቸው ወረቀቱን ይዘው ይቆያሉ፤ ካልገባቸው ጠርተው ይጠይቁታል። «የተሳሳተ ልጅ ባዶ ሆኖ አይደለም» ይሉኝ ነበር፤ «የሚያውቀው ነገር አለ። እሱ ነው ወዲያ የወሰደው። እሱን ፈልግ።» እኔ ይኸን የሽማግሌ ትዕግሥት እል ነበር። ወጣት ነኝ፣ የምቸኩልበት ባይኖርም እቸኩላለሁ።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ትልቅ ተስፋ የጣልኩት ጦይባ ላይ ነው። አባትና እናቷን ወሎ ቀብራ፣ ገና በልጅነቷ ከአጎቷ ከአባ ሰይድ ጋር የመጣች ልጅ ናት። የምትመኘው አስተማሪ መሆን ነው። አጎቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ «እስከ ማትሪክ ተማሪ። ካለፍሽ መንገድሽን አልዘጋም፤ ከወደቅሽ ትዳር ትይዣለሽ።» ሽማግሌ የላከ ሰው ነበረ፣ እሱም መልስ ይጠብቃል። ይህን ክፍሉ በሙሉ ስለሚያውቅ እጇን ባወጣች ቁጥር ሁሉም ዞሮ ያያታል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ተማሪዎቹ ለአምባዎቹ እርሻ ዘመቻ ወጡና ትምህርት ተጓተተ። ሲመለሱ የቀረኝ ትምህርት ብዙ፣ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ሆነ። ከቀሩት አንዱ ሁለት ፊደላት ሳይነጣጠሉ የሚደረደሩበት ነው። ማንኩሽ የሚለውን የከተማ ስም ወስጄ «ማ እና ን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይሁኑ» አልኩ። ዘዴው ሁለቱን አስሮ እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። አራቱ ፊደላት ሦስት ነገር ይሆናሉ፤ ሦስቱ ስድስት ዓይነት ይደረደራሉ። ግን የታሰሩት ሁለቱም እርስ በርሳቸው ቦታ መለዋወጥ ይችላሉ፤ ማ ሊቀድም ይችላል፣ ን ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ስድስቱ በሁለት ይባዛና አሥራ ሁለት ይሆናል።

ጊዜ የለም ብዬ ካርቶኖቹን ትቼ በምትካቸው በሬ ይዤ ገባሁ። «የገበሬ ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» አልኩ፣ «ሁለቱ ፊደላት ላይ ቀንበር ጫኑባቸው። ጥማድ በሬ ሆኑ፣ አበቃ። አንድ ጥማድ ብላችሁ ቁጠሩ።» የክፍሉ ፊት በራ። አስተማሪ ሆኜ እንደዚያ ቀን ልጆች ሲገባቸው አይቼ አላውቅም። «በሁለት አባዙ» የምትለዋን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍኳት፣ ደወል ተደወለ፣ እኔም ራሴን እያደነቅሁ ወጣሁ።

ማትሪክ የተፈተኑ ዕለት ከሒሳቡ ሲወጡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። የሰፋሪዎቹ ልጆች ከሩቅ እየሮጡ መጡ።

«ጋሼ፣ መጣ። የቀንበሩ ጥያቄ መጣ።»

«እንዴት ብሎ?»

«አምስት ፊደላት፣ ሁለቱ ሳይነጣጠሉ።»

«ስንት አላችሁ?»

«ሃያ አራት» አሉ በአንድ አፍ። ጦይባም ከመሃላቸው ሆና ሃያ አራት አለች፤ ጥርሷ አልከደን ብሏል።

ሀሚስ የሚባል የበርታ ልጅ ብቻ «እኔ አርባ ስምንት ነው ያልኩት» አለ። አንዱ «አንተ ደሞ በሬ ምን ታውቅና» አለውና ሁሉም ሳቁበት።

መልሱ አርባ ስምንት ነው። ሃያ አራትም ከምርጫዎቹ አንዱ ነበር፤ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ተማሪ የት እንደሚወድቅ ስለሚያውቁ ጉድጓዱን እዚያው ይቆፍሩታል። ደስታቸውን ልነጥቃቸው አፌ እንቢ አለኝ። «ጎበዞች፣ ሂዱ ረፍ በሉ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ሀሚስ አለፈ። ጦይባ ለጥቂት ወደቀች። በአንድ ጥያቄ ሰው አይወድቅም፣ ሌላም የሳተችው ይኖራል። እሷ ግን መልሱ አርባ ስምንት መሆኑን ከሰማች ወዲህ «ያቺ ጥያቄ ናት» ብላ ያዘች፤ እኔም ሌላ ማመን አልሆነልኝም። ወረቀቷን አጣጥፋ ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ወደ አምባዋ ሄደች።

ጋሽ ተሊላ ጋ ገብቼ ጮህኩ። «ዝንጉዎች ናቸው። በሁለት አባዙ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸው ነበር» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ?»

«ለምን ሃያ አራት እንዳለች። ሳትጠይቅ ኤክስ አደረግህባት ማለት ነው። ሂድ ጠይቃት፣ ብስክሌቴን ውሰድ።»

ብስክሌቷ ሰንሰለቷ በየቀርከሃው ጥላ ሥር እየወለቀ ከመንዳት ይልቅ መግፋት በዛብኝ። አምባው ስደርስ ጦይባ ደጃፉ ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች። ስታየኝ ተነሳች፤ ዓይኗ ማልቀሷን ይናገራል። እንደ ጨካኝ ሰላምታውን ሳልጨርስ «ለምን ሃያ አራት አልሽ?» አልኳት።

«ቀንበር ጫኑባቸው አላሉንም፣ ጋሼ?»

«ብያለሁ።»

«ቀኝ በሬ ግራ አይገባማ። የቀኙ የቀኝ ነው፣ የግራው የግራ ነው። ቢያቀያይሯቸው ንቅንቅ አይሉልዎትም። በሁለት አባዙ የሚለውን ለሌላ ጥያቄ የጻፉት መስሎኝ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ያየሁት በሬ ቄራ የሚነዳ ነው፤ ቄራ የሚሄድ በሬ ቀኝና ግራ የለውም። የገበሬዎቹ ልጆች ግን ጥማዱን በልባቸው አዩት፣ የየራሱን ቦታ ሰጡት፣ ከዚያ በኋላ ማን ያነቃንቀው? ለበሬ የሰጡት መልስ ልክ ነው። ፊደሉን በሬ ያደረግሁባቸው እኔ ነኝ። ያኔ ወዲያው አንድ ነገር ቆረጥኩ። ይህቺ ልጅ በእኔ በሬ ምክንያት ቤት አትቀርም።

አባ ሰይድ በሬዎቻቸውን እየነዱ ከእርሻ ተመለሱ። አምባው የሚያርሰው በትራክተር ነበር፤ ትራክተሩ መለዋወጫ አጥቶ ከቆመ ወዲህ የገበሬዎቹ ማኅበር በሬ አስመጥቷል። አብዛኛውን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ፈጀው። ከተረፉት አንዱን ጥማድ፣ ዳለቻና ቦራን፣ ለአባ ሰይድ ሰጥተዋቸዋል። እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋቸው።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ» አሉ። «ስለ ልጅቷ ከሆነ የመጡት፣ ቃሌን አላጠፍኩም። እስከ ማትሪክ አልኩ፤ ማትሪክ ደረሰ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፣ አባ ሰይድ። ሁለት በሬ በቀንበር ስንት ዓይነት ይቆማል?»

ጤናዬን ተጠራጠሩ። «ስንት ዓይነት ይቆማል ብለው ነው? አንድ ዓይነት ነዋ። ዳለቻ በቀኝ፣ ቦራ በግራ።»

«ጦይባም እንደዚያው ነው ያለችው። ፈተናው ግን ሁለት ዓይነት ይላል፤ የተጠየቀው ፊደል ነውና፣ ፊደል ደግሞ ቀኝ ግራ አይመርጥም። በበሬ መስዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የወደቅሁት እኔ ነኝ፣ አባ ሰይድ። በእኔ ውድቀት እሷን አይዳሯት።»

የቦራን አንገት ማከክ ያዙ። ጦይባ በቆሎዋን ይዛ መፈልፈሉን ትታለች።

«እንግዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጄ በሬ ታውቃለች ማለት ነው።» ኩራታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አብሽር፣ መምህር። አንድ ዓመት ትጨመርላት። ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ምንም በሬ ይዘህ እንዳትመጣብኝ።» እርስዎ ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ አንተ አሉኝ። የወሎ ሰው ወዶ ሲጠጋ እንዲህ ነው፤ ደስ አለኝ።

ጦይባ ከተማ ገብታ ጋሽ ተሊላ ቤት አረፈች። የሳቸው ባለቤት ፕሮቴስታንት፣ እሷ ሙስሊም፤ በሥጋ ነገር እንዳይቸገሩ ሴትየዋ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮና ምስር ብቻ ሠሩ፣ እኛም እንግድነት ስንሄድ ሽሮና ምስር በላን። ክፍል ውስጥ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ኋላ ተቀምጣ እንደገና ተማረች። የወደቀች ልጅ ናት ብለው የጎሪጥ የሚያዩዋት ነበሩ። አንድም ቀን አንገቷን አልደፋችም።

ሀሚስ ለትምህርት ከመሄዱ በፊት ጠርቼ «አንተስ እንዴት አርባ ስምንት አልክ?» አልኩት። የጋሽ ተሊላ ልማድ ገብቶኛል፤ ልክ የሆነውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

«እኛ ቤት በሬ የለም፣ ኡስታዝ» አለ። «እናቴ በትከሻ እንጨት ነው የሚሸከም። አንድ ቅርጫት ፊት፣ አንድ ቅርጫት ኋላ። ትከሻ ሲደክም እንጨቱ ዞረ፣ ፊት የነበረ ኋላ ሆነ። ወላሂ፣ እንጨት ያው አንድ ነው። አቋቋሙ ሁለት ነው።»

ያንን እንጨት በየመንገዱ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የአገሩ ሴቶች ከጫፍና ከጫፉ ሸክም አንጠልጥለው ያልፋሉ። ከሀሚስ እናት ለምኜ ክፍል አስገባሁት። በአንደኛው ጫፍ ማ የተጻፈበትን ካርቶን፣ በሌላው ን አንጠለጠልኩ፤ ኩ እና ሽ የያዙ ሁለት ልጆች ጎኑ ቆሙ። ጦይባ እንጨቱን ተሸከመች። በመሃል ቆመች፣ በሁለቱም ዳር ቆመች፣ በየቦታው እንጨቱን አንዴ አዞረች፤ ሁለቱ ልጆች ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ ያንኑ ደገመች። ክፍሉ አሥራ ሁለት ቆጠረ። «ማን ተረሳ?» አልኩ። «የዞረው» አለች ጦይባ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ወዲያ ምሳሌ ከማምጣቴ በፊት «ስለዚህ ነገር የምታውቁትን ንገሩኝ» ማለት ሥራዬ ሆነ። አርባ ምንጭም ተዛወርኩ፣ ደብረ ብርሃንም ሠራሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ ይህንኑ ጠየቅሁ።

በዚያ ዓመት ጦይባ ከቤቷ በተመለሰች ቁጥር «አጎቴ ከበሬዎቹ ጋር ተጣልቷል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበርም ተቆጥቶታል» ትለኝ ነበር። ልብ አላልኩም። የእኔ ልብ ፈተናው ላይ ነው።

ፈተናው ደረሰ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ዝግ ብላ፣ ልክ እንደ ጋሽ ተሊላ እየተራመደች ወጣች።

«የፊደሉ ጥያቄ መጣ?»

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

«ምንም?»

«ምንም። ሌላውን ግን ሠራሁት። እያንዳንዱ ላይ ማን ሁለቴ ተቆጠረ፣ ማን ተረሳ እያልኩ ተመላለስኩበት።»

አለፈች። ያውም በጥሩ ውጤት። መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ የሒሳብ አስተማሪ ሆነች፤ ጡረታ ስወጣ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ የጣለችው እሷ ናት። ጋሽ ተሊላ ወደ ነቀምት ሲዛወሩ ካርቶኖቻቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ አርፈዋል። ካርቶኖቹ ዛሬ ጦይባ ጋ ናቸው።

ትልሟ ቀረችኝ። ውጤቱ እንደተሰማ አባ ሰይድ «መምህሩ ይምጣ» ብለው ላኩብኝ። ከጦይባ ጋር ሄድን። እርሻው ዳር ሰው ተሰብስቧል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር እጁን አጣምሮ ቆሟል። አባ ሰይድ ጥማዳቸውን አቁመዋል። አየሁት፣ ግን የማየውን ማመን አቃተኝ። ዳለቻ በግራ፣ ቦራ በቀኝ ነው የተጠመዱት።

«ዓመቱን ሙሉ ስታገላቸው ነበር» አሉኝ። «ሰው አበደ አለኝ። ልጄ በሬዎቹን ባየች ቁጥር ያ መልስ እየመጣ እንዳያሳስታት፣ በሬውም እንደ ፊደሉ ይሁን ብዬ ነው።»

ጅራፋቸውን አነሱ። በሬዎቹ ተደነባበሩ፣ ተገፋፉ፣ ዳለቻ ወደ ለመደበት ወደ ቀኝ ሊያፈገፍግ ሞከረ። አባ ሰይድ ጥርሳቸውን ነክሰው እርፉን ጨበጡ። ሄዱ። ትልሙ ወዲያና ወዲህ ተጣመመ፣ እዚህ ጠለቀ፣ እዚያ መሬቱን ጫር ብቻ አደረገው፤ ግን እስከ ዳር ደረሰ። ጦይባ አፏን በሻርፗ ይዛ ታለቅሳለች። እኔም እንባዬን አልያዝኩም፤ ለምን ብዬ እይዘዋለሁ?

አባ ሰይድ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «በል፣ ቁጠር መምህር። አሁን ሁለት ዓይነት ነው።»

«ሁለት ነው፣ አባ ሰይድ።»

«ለመሆኑ ጥያቄው ዘንድሮም መጣ?»

ከጦይባ ጋር ተያየን። ይህን ሰው መዋሸት አይቻልም።

«አልመጣም» አልኩ።

እርፉን እንደያዙ ቆሙ። መጀመሪያ ዳለቻን፣ ቀጥለው ቦራን አዩ።

«ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለእነዚህ ምን ብዬ ልንገራቸው?»